መጀመሪያ አሮጌውን ጎማ እዪው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ፣ ከአያት አካባቢ ነው የመጣው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«መምህርት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። 2008 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር አለችኝ። በሳምንት አምስት ቀን ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። በወር አንዴ ደግሞ እናቴን ለማየት ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ጎማዎቼ አልቀዋል። ከገዛኋቸው ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም፣ የሄዱት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፊቶቹ ከውስጥ በኩል ሙልጭ ብለዋል። ዋጋ ስጠይቅ የቻይናው አንዱ 13,500 ብር፣ የጃፓኑ 27,000 ብር፣ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ደግሞ 8,000 ብር ተባልኩ። ጎሚስታው ‹የፊት ሁለቱን ብቻ ቀይሪ፣ ይበቃሻል› ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ኤ ቲ የሚባለውን የጠጠር መንገድ ጎማ ግዢ፣ እሱ ነው የሚበረክተው› ይለኛል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ‹60,000 ማይል ዋስትና ያለው ጎማ አለ፣ ልላክልሽ› ይላል። የማንን ልስማ? ገንዘቤ ውስን ነው። ዋጋው የማይጎዳኝ ግን የሚበረክት ጎማ ነው የምፈልገው።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም ሰው የሚመክርሽ ስለ አዲሱ ጎማ ነው። እኔን ያሳሰበኝ አሮጌው ነው። «የፊቶቹ ከውስጥ በኩል ሙልጭ ብለዋል» ብለሽ ያለፍሻት መስመር ላይ ነው ነገሩ ያለው። ጎማ ከአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጎማው አይደለም። ቀጥ ብሎ አልተሽከረከረም ማለት ነው። በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን እየተጎተተ፣ አስፋልቱን እየፋቀ ነው የኖረው። እንደዚህ ያለች መኪና ላይ የ27,000 ብሩን ጎማ ብትገጥሚበትም ያው ከውስጥ በኩል ይላጫል፣ ለዚያውም በእጥፍ ዋጋ።

ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። መኪናዋ በቆመችበት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ በኩል አዙሪው። የፊት ጎማው ወጣ ብሎ ይታይሻል። የሞባይልሽን መብራት አብሪና መጀመሪያ በዓይንሽ እዪው። ሽቦ ብቅ ያለበት ቦታ ካለ በእጅሽ አትንኪው፣ በዚያ ጎማም ደብረ ብርሃን አትሂጂ። ሽቦ ከሌለ መዳፍሽን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ አድርገሽ አሳልፊ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ መልሺው። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥሽ ከሆነ ጎማዎቹ ትይዩ ሆነው አይሄዱም፣ አላይመንቱ ተዛብቷል። ጥርሱ እዚህ ከፍ እዚያ ዝቅ እያለ የተጎደጎደ ከሆነ ደግሞ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተሩን ወይም የጎማውን የክብደት ሚዛን፣ ባላንሱን ጠርጥሪ። መሃሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበት ኖሯል፣ ሁለቱም ዳርና ዳር ካለቀ ነፋስ አንሶት ኖሯል። የተላጨ ጎማ እንዴት እንደተነዳ ሁሉ ላዩ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

የአንቺ ከውስጥ ስለሆነ ያለቀው፣ መኪናዋን መጀመሪያ የምታምኚው መካኒክ ጋ ውሰጃት። ከፊት ያሉትን ቴስቲናዎች (መሪውንና ጎማውን የሚያያይዙትን መገጣጠሚያዎች)፣ በብረቶቹ መሃል ያሉትን ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹን፣ አሞርዛተሮቹንም አንድ በአንድ እየነቀነቀ ይይልሽ። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ አላይመንት ማሽኑ ይሄዳል። ቴስቲናው የላላ መኪና በማሽን ቢስተካከልም ኮብልስቶን ላይ ሁለት ቀን ሲነዳ ተመልሶ ይዛባል፣ ገንዘቡም ባከነ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የላላው ዕቃ ይቀየር፣ ከዚያ አዲሱ ጎማ ይገጠም፣ መጨረሻ ላይ አዲሱ ጎማ ላይ አላይመንት ይሠራ። ማሽኑ አላይመንቱ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልክ በወረቀት ያወጣል። ወረቀቱን ጠይቂ፣ ያዢውም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ራቭ ፎርሽን በቀላሉ የምትተኪበት መንገድ ጠብቧል። ስለዚህ ጎማ ስትገዢ የአንዱን ዋጋ ብቻ አትመልከቺ፣ በምትሄጂው ኪሎ ሜትር አካፍዪው።

የአንቺን እናስላ። ከነገርሽኝ ተነስቼ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነጃለሽ ልበል። የቻይናው አራቱ 54,000 ብር ይሆናል። መኪናዋ ተስተካክላ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድልሽ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1 ብር ከ35 ሳንቲም አወጣሽ። የጃፓኑ አራቱ 108,000 ብር ነው፤ 65,000 ቢሄድልሽ 1 ብር ከ66 ሳንቲም። ያገለገለው አራቱ 32,000 ብር ነው፤ ጥርሱ ግማሽ ስለሆነ 15,000 ቢሄድልሽ 2 ብር ከ13 ሳንቲም። ያገለገለው ርካሽ መስሎ ከሁሉም ተወደደ። ኪሎ ሜትሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ግምቶች ናቸው፣ ዋስትና አይደሉም። አንቺም የራስሽን ቁጥር አስገብተሽ ደግመሽ ሥሪው። አንዱን ቁጥር ግን ከደብዳቤሽ ነው ያገኘሁት። አሮጌዎቹ 20,000 ላይ አለቁ ብለሻል። የ54,000 ብሩም ጎማ በዚሁ ሁኔታ 20,000 ላይ ካለቀ ለኪሎ ሜትር 2 ብር ከ70 ሳንቲም ከፈልሽ፣ በትክክል እጥፍ። በቻይናውና በጃፓኑ መካከል ያለው ልዩነት 31 ሳንቲም ነው። በተስተካከለችና ባልተስተካከለች መኪና መካከል ያለው 1 ብር ከ35 ነው። መጀመሪያ መካኒክ ጋ ሂጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ስላገለገለው ጎማ ትንሽ ልጨምር፣ ብዙ ሰው እየተፈተነበት ስለሆነ። ጎማ የሚያረጀው በመነዳት ብቻ አይደለም። ሙቀትና ፀሐይ ቆሞም ያስረጁታል። በሞቃት አገር ዓመታት የኖረ ጎማ ጥርሱ ደህና ቢመስልም ላስቲኩ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጥርሱን በቢላ እንደገና የቀረጹትም ያጋጥማል። ውስጡ ተለጥፎ እንደሆነ ደግሞ ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚለብሰው ብረት ላይ ከተገጠመ በኋላ ማየት አይቻልም። ልጆችሽን ይዘሽ ለምትነጂበት መንገድ እኔ አልመክርሽም። ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አልመክርሽም።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ነገር። የጎማውን ዕድሜ ራስሽ አንብቢ። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ረጅም መስመር አለ። መጨረሻው ላይ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለተኛዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2324 ካለ በ2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ በፈረንጆች ነው። ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዘንድሮ በእኛ 2018 ነው። አንድ ጎማ ላይ መጨረሻው 18 የሚል ብታዪና ሻጩ «የዘንድሮ ነው፣ ይኸው 18» ቢልሽ፣ ያ ጎማ የሰባት ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው። ሻጩ ሆን ብሎ ላይዋሽ ይችላል፣ እሱም ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የምትነጅው ግን አንቺ ነሽ።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። በ2015 ጥር ላይ ለራሴ መኪና አራት ጎማ ገዛሁ። ሻጩ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በጣቱ እየነካ «15 ነው፣ አዲስ» አለኝ። እኔም 15ን አየሁ፣ 2015 ነውና ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ። ቁጥሩ 3415 ነበር። በፈረንጆች 2015 በ34ኛው ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2007 መሆኑ ነው። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ጥቂት የቀረው ጎማ «አዲስ» ብዬ ገዛሁ። ዓመት ሳይሞላው ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ብሎ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ታዩ። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ አንድ ቀን ቤተሰብ ይዤ ከሞጆ ወደ መቂ ስንወርድ የኋላው ግራ ጎማ መንዘር ጀመረ። መጀመሪያ መንገዱ ነው ያልኩት። መንዘሩ እየበረታ ሄደና ልክ ሰው ከውጭ በዱላ ፓራፋንጎውን የሚደበድብ ይመስል ጧ ጧ ጧ ይል ጀመር። ፍሬን ላይ አልዘለልኩም፣ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ነዳጁን ለቅቄ ቀስ ብዬ ወደ ዳር አወጣኋት። ስወርድ ጥርስ ያለበት የላይኛው ላስቲክ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። ነፋሱ ግን ገና አልወጣም ነበር። የዚያን ቀን ፈጥነን ስላልነበርን ነው የተረፍነው። እስከዛሬ ጎማ ስገዛ ተንበርክኬ ነው ቁጥሩን የማነበው።

ሙሉ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። በፊት ለፊት ካጣሽው አስገልብጪው። አራቱንም ለየብቻ እዪ፣ ሦስቱ አዲስ ሆነው አንዱ አሮጌ ሊሆን ይችላል። በሞባይልሽ ፎቶ አንሺ። ስትገጥሚም የመረጥሻቸው ራሳቸው መሆናቸውን ከፎቶው ጋር አስተያዪ። ከተሠራ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ያልበለጠው ጥሩ ነው። ሦስት ዓመት የሞላው በጥላ ሥር የተቀመጠ ከሆነና ዋጋ ከቀነሱልሽ ይሄዳል። ከዚያ ያለፈውን ተዪው። ስድስት ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ምንም ቢያምር ባለሙያ ሊያየው ይገባል፣ አሥር ዓመት የሞላው ከነጥርሱ ይጣል። ለአንቺ ይህ ስሌት ሌላም ጥቅም አለው። በዓመት 12,000 ስለምትነጂ 65,000 የሚሄደው ጎማ ከአምስት ዓመት በላይ ይቆይልሻል፣ ገና ትኩስ ሳለ ከገዛሽው ማለት ነው። በዓመት 6,000 የምትነጂ ብትሆኚ ኖሮ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጅብሽ ነበርና ውዱን አትግዢ እልሽ ነበር።

የቻይና ወይስ የጃፓን? በግልጽ ልንገርሽ። የቻይና ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። ሊንግሎንግ፣ ትሪያንግል፣ ሳይሉን፣ ዌስትሌክ ትልልቅ ፋብሪካዎች ያሏቸው፣ በብዙ አገር የሚሸጡ ናቸው። ስሙን ሰምተሽው የማታውቂው፣ ሻጩም ማን እንደሚያስመጣው የማይነግርሽ ሌላ ነገር ነው። በመሃል ደግሞ የኮሪያዎቹ ሃንኩክና ኩምሆ፣ የህንዱ አፖሎ አሉ። እነሱን ካገኘሽ ዋጋ ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ መሃል ይወድቃሉ። «የጃፓን» ያሉሽም ጎን ላይ ኢንዶኔዥያ ወይም ታይላንድ ቢል አትደንግጪ። ብሪጅስቶን በሁለቱም አገር፣ ዮኮሃማ ደግሞ ታይላንድ ፋብሪካ አላቸው።

የርካሹ ጎማ ችግር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም። ዝናብ ላይ ነው የሚለየው። ላስቲኩ ጠጣር ተደርጎ ከተሠራ ይበረክታል፣ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዢ ይንሸራተታል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ወራቱን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ሲያነሱት ቁልቁለት ላይ ያለውን ሁኔታ አይተሽዋል። ስለዚህ ጎማው ጎን ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንዱ ትሬድዌር የሚል ቁጥር ነው። በፈተና 400 የተሰጠው 200 ከተሰጠው እጥፍ ይሄዳል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን ድርጅት ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር ነው የሚጠቅመው፣ ሁለት ድርጅቶችን ለማወዳደር ብዙም አትመኪበት። ሁለተኛው ትራክሽን የሚለው ፊደል ነው። እሱ እርጥብ መንገድ ላይ የሚቆምበትን ይናገራል፤ ኤ ኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይወርዳል። ለአንቺ ትሬድዌር 400ና ከዚያ በላይ ሆኖ ትራክሽኑ ከኤ የማያንስ ይሁን። 600 ከቢ ጋር ከሚሆን 420 ከኤ ጋር ቢሆን እመርጣለሁ። ይህ ጽሑፍ የሌለበት ጎማም ይሸጣል። ሁለት የሚመሳሰሉ ጎማዎች ፊት ለፊት ካገኘሽ የተጻፈበትን ውሰጂ።

ጎሚስታው «የፊት ሁለቱን ብቻ» ያለሽን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ራቭ ፎርሽ በአራቱም ጎማ የምትነዳ መሆን አለመሆኗን እወቂ። ዳሽቦርዱ ላይ ሎክ የሚል የአራት ጎማ ቁልፍ ካለ፣ ወይም ከሥር ስታዪ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ ረጅም የሚሽከረከር ዘንግ ካለ ናት ማለት ነው። ከሆነች አራቱንም ቀይሪ። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ አለው። ከኋላ ያሉት 3 ሚሊ ቀርቷቸው ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ሲለኩ ከአዲሶቹ 10 ሚሊ ያንሳሉ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ትንሹ ጎማ ሁልጊዜ ከትልቁ ፈጥኖ መዞር አለበት። የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ያንን ልዩነት ቀኑን ሙሉ እየታገለ ይግላል። እሱ ከተበላሸ የምታወጪው ገንዘብ ከአራት ጎማ ጋር አይወዳደርም። ገንዘቡ ካልደረሰ ሁለት ውድ ከምትገዢ አራት መካከለኛ ግዢ።

መኪናዋ በፊት ጎማ ብቻ የምትነዳ ከሆነች ሁለት መግዛት ይቻላል። ያኔም አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፣ ደህናዎቹ አሮጌዎች ወደ ፊት ይምጡ። ሰው በተቃራኒው ነው የሚያደርገው። በዝናብ የፊቱ ሲንሸራተት ፍጥነት ቀንሰሽ መመለስ ትችያለሽ፤ የኋላው ሲከዳሽ ግን መኪናዋ ዞራ ነው የምትጠብቅሽ። የአንቺ የፊቶቹ ሙልጭ ያሉ ስለሆኑ እነሱ የትም አይገቡም።

ባልደረባሽ ስላለው ኤ ቲ ብዙ አልቆይም። ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ ጥሩ ጎማ ነው። አያት፣ ሜክሲኮ፣ ደብረ ብርሃን አስፋልት ነው። ይጮህብሻል፣ ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል። ኤች ቲ የሚባለውን የአስፋልት ጎማ ግዢ።

ለወንድምሽ ደግሞ አመስግኚው። 60,000 ማይል ማለት ከ96,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ዋስትናው የሚሠራው እዚያው አሜሪካ ነው። ጎማው በየጊዜው ቦታ መቀያየሩን በደረሰኝ ማሳየት ይጠይቃል፣ አለቀ ተብሎም ወደ ሸጠው ሱቅ ነው የሚመለሰው። አዲስ አበባ ላይ ማንም አይቀበልሽም። አራት ጎማ ለማጓጓዝና ቀረጥ ለመክፈል የሚወጣውን ገንዘብ ራሱን ቢልክልሽ ይሻላል። ሰው ሲመጣ ደግሞ አንድ ጥሩ የጎማ ነፋስ መለኪያ በሻንጣ ይላክልሽ። ትንሽ ዕቃ ናት፣ በርካሽ ይገዛታል፣ አንቺን ግን ለዓመታት ትጠቅምሻለች።

ልኩን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ የአንቺ ዓይነት ራቭ ፎሮች 225/65 አር 17 ናቸው፣ 16 ቸርኬ ያላቸውም አሉ። በግምት አትሂጂ። የሾፌሩን በር ከፍተሽ ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ ፎቶ አንሺ፣ ልኩም ነፋሱም እዚያ አለ። 225 ስፋቱ ነው በሚሊ ሜትር፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑ ነው፤ 17 ቸርኬው ነው በኢንች። «ያንቺ የለም፣ 235ም ይገባል» ቢሉሽ፣ አዎ ይገባል፣ ግን ከዳር እስከ ዳር 13 ሚሊ ይጨምራል፣ ፍጥነት መለኪያሽ አሳንሶ ያሳያል፣ ጥቅሙም ለሻጩ ነው። ሌላ ሱቅ ሂጂ። ከልኩ ቀጥሎ 102 ኤች የሚል ታያለሽ። 102 ማለት አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይሸከማል፣ ኤች ማለት እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ፍጥነቱ አያስፈልግሽም። የጭነቱን ቁጥር ግን በሩ ላይ ወይም አሁን ባለው ጎማ ላይ ካለው አታሳንሺ። ልጆች፣ ሻንጣ፣ ከደብረ ብርሃን ስትመለሺ እናትሽ የሚጭኑልሽ ጤፍና ድንች፣ ሁሉም ኪሎ ነው።

አሁን ነፋስ። ጎሚስታዎች ብዙ ጊዜ 40 ፒ ኤስ አይ ይሞላሉ፤ ፒ ኤስ አይ የነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው። ለምን ስትዪ ጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያሳዩሻል። ጎማው ላይ ያለው መሸከም የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ የሚያስፈልገው አይደለም። የሚያስፈልገው በሩ ላይ ያለው ነው፣ ለእንደ አንቺ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ፒ ኤስ አይ ብዙም አይርቅም። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነዳ ለኪው። ከነዳሽ በኋላ ሙቀት ስለሚያነፋው ውሸት ነው የሚነግርሽ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ አንድ ተኩል ፒ ኤስ አይ ገደማ ይቀንሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን አድረሽ ውርጭ ላይ ስትነሺ ጎማሽ ትናንት ከነበረው ያነሰ ቢሆን ቀዳዳ ነው ብለሽ አትደንግጪ። ግን አንሶት አትንጂው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ውስጡ ይግላል። ፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሚገጠምበት ቀን እዚያው ቁሚ። የነፋስ መሙያ ቫልቮቹ ይቀየሩ፣ አራቱም ባላንስ ይደረጉ። ቡሎኖቹን በማሽን አስጩኸው ከጨረሱ በኋላ በእጅ መፍቻ በመስቀለኛ ያጥብቁልሽ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሽ በኋላ አንዴ ደግመሽ አስጠብቂ። ከዚያ በየ8,000 ወይም 10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት አቀያይሪ። ለአንቺ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በጎማ አትውጪ፣ በተለይ አዲሶቹ ጠርዞች ሹል ናቸው። ጎኑ እንደ እንቁላል ያበጠ ጎማ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷልና አይጠገንም፣ ይቀየራል።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መጀመሪያ መካኒኩን እከፍላለሁ። ከዚያ ከታወቁት የቻይና ወይም ከኮሪያዎቹ፣ ከተሠራ ዓመት ያልሞላው ኤች ቲ፣ ትራክሽን ኤ፣ አራት እገዛለሁ። የጃፓኑ ገንዘብ ሳይጎዳሽ የሚገኝ ቢሆን ለክረምቱ ስል እሱን ባልኩሽ ነበር። ለዚያ ብለሽ ብድር ውስጥ አትግቢ፣ ወይ ቴስቲናውን ሳታስቀይሪ አትቅሪ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የኋላ በር ላይ ሽፋን ለብሶ የተሰቀለውን ስኮርት፣ ተጠባባቂውን ጎማ፣ ሽፋኑን አውልቀሽ ቁጥሩን አንብቢ። 08 ወይም 09 የሚል ከሆነ ከመኪናዋ ጋር ተወልዶ ያንን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ነው፣ የደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አያድንሽም። ከአሁኖቹ የኋላ ጎማዎችሽ ከውስጥም ከውጭም ጥርሱ ደህና የሆነውን፣ ስንጥቅም እብጠትም የሌለበትን አንዱን ምረጪና ጎሚስታው በዚያው ቀን ስኮርቱ ቸርኬ ላይ ይግጠምልሽ። ነፋሱንም አስሞዪው፣ ክሪኩና መፍቻው መኪናዋ ውስጥ መኖራቸውንም እዪ።